ቁርጡን ሳትናገሩ አትሂዱ

እኩዮቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፤ ይህን የምጽፈው ለወጣቶች ሳይሆን ለእናንተ ነው። የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ በ1975 ዓ.ም. ሲወጣ ዕድሜው ከ18 እስከ 30 የነበረ ሰው፣ በሕይወት ካለ፣ ዛሬ ስድሳን ተሻግሯል። ስንቅ ቋጥረው የሸኙት እናቶች አብዛኞቹ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሱ አርፈዋል። አባቶችም እንደዚያው። የቀረነው እኛ ነን፤ አብሮ አደጎች፣ ታናናሽ ወንድሞችና እህቶች፣ በአንድ ምሽግ ያደርን ጓዶች፣ በጊዜው በቀበሌና በገበሬ ማኅበር ያገለገልን። ማን በየትኛው ቀን እንደተወሰደ፣ የት ማሠልጠኛ እንደገባ፣ የመጨረሻው ደብዳቤ ከየት እንደተላከ የምናውቅ እኛ ነን። ከእኛ በኋላ የሚጠየቅ የለም።

የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያዬ ይህ ነው፤ የምታውቁትን ሳታስረክቡ እንዳትሞቱ። ሐዘኑን እኛው ችለነው ኖረናል። ለልጆቻችን የሚደርሳቸው ግን ግድግዳ ላይ የተሰቀለ መለዮ ለባሽ ፎቶግራፍ ነው። «ይህ ማን ነው? የት ቀረ?» ብለው ሲጠይቁ መልሱን አፈር በልቶት ካገኙት፣ የበላው አፈር በእኛ ላይ የተመለሰው ነው።

«መንግሥት ያውቀዋል» አትበሉ። ሰው ሁሉ አንድ ቦታ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ምድር ቤት ውስጥ፣ የሁሉም ስም በተራ የሰፈረበት መዝገብ ተቀምጧል ብሎ ያምናል። እንዴት እንደነበር እናስታውስ እንጂ። መጋቢት 1980 ዓ.ም. አፋቤት ላይ ናደው ዕዝ ሲደመሰስ ሰውም መሣሪያም አብሮ ነው የተያዘው። በዓመቱ፣ የካቲት 1981፣ ሽሬ ላይ 604ኛ ኮር ተበተነ። በየካቲት 1982 ምፅዋ ወደቀች፤ ባሕር የበላውን፣ ጥዋለት ደሴት ላይ የቀረውንና የተማረከውን ለይቶ ለየቤቱ የነገረ አልነበረም። ግንቦት 16 ቀን 1983 አሥመራ፣ ግንቦት 20 አዲስ አበባ ተያዙና፣ በአፍሪካ ከትላልቆቹ አንዱ የነበረው ሠራዊት በጥቂት ቀናት ፈረሰ። ከፊሉ በእግሩ ወደ ሱዳን ተሻገረ፤ ከፊሉ ወደ ኬንያና ወደ ጂቡቲ፤ የባሕር ኃይሉ መርከቦች ወደ የመን። የቀረው እየለመነ ወደ ቀዬው ተመለሰ። ሠራዊት ሲፈርስ የደመወዝ መዝገቡም፣ ስለ ሞተና ስለ ቆሰለ የሚያሳውቀው ክፍልም አብሮ ይፈርሳል። ያሸነፈው ወገን ደግሞ የተሸነፈውን ሙታን ለመቁጠር አልቸኮለም።

መቁጠር ግን ይቻል ነበር፤ ይህችው አገር ቆጥራ ታውቃለች። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ኮሪያ ከዘመቱት የቃኘው ሻለቆች 121 ሰው ሞቷል፣ 536 ቆስሏል፣ የተማረከ የለም። የሞቱት በስም ይታወቃሉ፤ ቡሳን በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት መካነ መቃብር ግድግዳ ላይ ስማቸው ተቀርጿል። ከረን ሄዶ ያየ ሰው ደግሞ በ1933 ዓ.ም. ከጣሊያን ጋር ተዋግተው የወደቁ የእንግሊዝና የህንድ ወታደሮች መቃብር በረድፍ ቆሞ፣ ስም ተጽፎበት ያገኘዋል። ሃምሳ ዓመት ሳይሞላ እዚያው ተራራ ሥር የወደቀው የእኛ ልጅ ምልክት እንኳ የለውም። አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት በ1977 ዓ.ም. የተመረቀው የትግላችን ሐውልት በኦጋዴን ጦርነት ለወደቁት ነው፤ አንዲት እናት «የእኔስ የት ወደቀ?» ብላ ብትጠይቀው ግን መልስ አይሰጣትም።

እንግዲህ የጎደለውን መዝገብ የያዛችሁት እናንተ ናችሁ። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እያልን ልጆቻችንን አስተምረናል። ራሳችን ግን ይህን ሁሉ እስከ ዛሬ የያዝነው በቃላችን ነው፤ ቃላችንም እየከዳን ነው።

ምን ይጻፍ ለምትሉ፣ ስም ብቻ አይበቃም። አንድ ዓይነት ስም ከነአባቱ በየብርጌዱ አለ። ስሙን እስከ አያቱ፣ የእናቱን ስም፣ የተወለደበትን ስፍራ በዚያ ዘመን አጠራር ጻፉ፤ የዚያ ጊዜ ወረቀት የሚያውቀው አውራጃና ክፍለ ሀገርን ነው፣ የልጅ ልጃችሁ የሚያውቀው ወረዳና ዞንን ነው። የተመዘገበበት ስም ከቤት ስሙ የሚለይ ከሆነ ሁለቱንም አስፍሩ። በአጎቱ ስም የገባ አለ፤ በሌላ ሰው ስም የሄደም አለ። በ1969 ከታጠቅ ጦር ሰፈር የወጣ ሚሊሻ ነው? በብሔራዊ ውትድርና ዙር የተጠራ ነው? በ1983 ከዩኒቨርሲቲ ወደ ብላቴ ማሠልጠኛ የወረደ ተማሪ ነው? ወይስ ከ1990 እስከ 1992 ባድመና ጾረና ላይ የተሰለፈ? ክፍለ ጦሩን፣ ብርጌዱን፣ ሻለቃውን፣ የመለያ ቁጥሩን፣ ደብዳቤ ይላክበት የነበረውን የፖስታ ሣጥን ቁጥር ጻፉ። ከቁጥሮቹ አንዱን ብቻ ብታስታውሱም ጻፉት፤ ሌላው ሰው ቀሪውን ያስታውስ ይሆናል።

ዘመኑን ስትጽፉ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ለዩ። የውጭ ሰነድ መጋቢት 1988 ሲል የእኛን 1980 ማለቱ ነው፤ ይህን ሳያስተውል ሰውየውን ባልነበረበት ውጊያ ውስጥ የሚፈልግ ልጅ ይኖራል። ስሙም በላቲን ፊደል ሲጻፍ መልኩ ብዙ ነው፤ አንዱ ጸሐፊ እንዳሻው የጻፈውን ሌላው አያገኘውም። ስለዚህ መጀመሪያ በራሳችን ፊደል፣ ከዚያ ሊጻፍ በሚችልበት በየመልኩ አስቀምጡት። ፎቶግራፉን ገልብጡና ጀርባውን እዩ፤ የፎቶ ቤቱ ማኅተም ከተማውን ሊነግራችሁ ይችላል። ከጓዶቹ ጋር የተነሣው ከሆነ የጓዶቹንም ስም ጻፉበት። እናንተ የማትፈልጉት ያ በስተግራ የቆመ ልጅ ሌላ ቤት ውስጥ የሚፈለግ ነው።

ከውጊያው የተረፋችሁ ሆይ፣ እናንተን ለብቻ እናገራችኋለሁ። ከመካከላችሁ ብዕር ያነሱ አሉ፤ «አይ ምፅዋ»ን የጻፈው ታደሰ ቴሌ ሳልቫኖ ከእነዚያ አንዱ ነው። የሌሎቻችሁ ግን ሆዳችሁ ውስጥ ነው። ጓዳችሁን በእጃችሁ ቀብራችሁ፣ ወይም መቅበር ሳትችሉ ጥላችሁት አልፋችሁ፣ ስትመለሱ በእናቱ ደጅ ማለፍ ፈርታችሁ መንገድ የቀየራችሁ አላችሁ። እርሷ ጠይቃችሁም «ደኅና ነው፣ ወደ ሌላ ግንባር ተዛውሯል» ያላችኋት አላችሁ። ያን ጊዜ መርዶ ነጋሪ መሆን ከብዷችሁ ነው፤ አልፈርድም። ዛሬ ግን እናትየዋ የለችም፤ ያቺ ቃላችሁ ብቻ በዚያ ቤት እንደ እውነት ቆማለች። እህቱ እስካሁን «ሌላ ግንባር» የተባለውን ትፈልጋለች። ሂዱና ንገሯት። ሱዳን ቀርታችሁ፣ ከዚያ ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ የተሻገራችሁም ብትሆኑ ስልክ አላችሁ፤ ርቀት ከዚህ ዕዳ አያስመልጥም።

የሚቀጥለው ማስጠንቀቂያዬ በወሬ ስለሚነግዱ ሰዎች ነው። የጠፋው ሰው ይመለሳል የሚለው ተስፋ በአንድ ጀንበር አልተፈጠረም፤ መነሻ አለው። ኢትዮጵያና ሶማሊያ በ1980 ዓ.ም. ከተስማሙ በኋላ፣ በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ፣ ሶማሊያ ይዛቸው የነበሩ 3,500 ያህል ኢትዮጵያውያን በዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል በኩል ተመለሱ። አውሮፕላን አብራሪው ለገሠ ተፈራ ከእነርሱ አንዱ ነበር፤ የተያዘው በ1969 ዓ.ም. ማብቂያ አካባቢ በተጀመረው ጦርነት ነው፤ በእስር የቆየው አሥራ አንድ ዓመት ነው። ከዓመታት በኋላ ሰው በእግሩ ቆሞ ሲመጣ አገር በዓይኑ አየ። ከዚያ ወዲህ «የእኔም ይመጣል» ያለ ቤተሰብ ሞኝ አልነበረም።

ይህን ተስፋ ግን የሚሸጡት ሞልተዋል። አንዱ «ካርቱም እስር ቤት አይቼዋለሁ» ይላል፤ ሌላው «አሥመራ አግብቶ ወልዷል፣ መጓጓዣ ብቻ ላኩልኝ» ይላል። ጠንቋዩም ጥቁር በግ ያዛል። «የጨነቀው እርጉዝ ያገባል» ነውና ስንቱ ላም ሸጠ፣ ስንቷ ወርቋን አወጣች። ለልጆቻችሁ ይህን ሕግ አውርሱ፤ ወሬ አምጥቶ አስቀድሞ ገንዘብ የሚጠይቅን ሰው ከደጃፍ መልሱ። አየሁት የሚለውን የቤት ስሙን፣ የእናቱን ስም፣ ከልጅነቱ ጀምሮ የነበረበትን ጠባሳ ጠይቁት። እነዚህን ጥያቄዎች የሚመልሱት እናንተ ብቻ ስለሆናችሁ ነው ጻፉ የምላችሁ። የቀይ መስቀል የጠፋ ሰው ፍለጋ ገንዘብ አይጠየቅበትም፤ የሚጠየቅበት ያንኑ እናንተ ያልጻፋችሁትን ዝርዝር ነው።

አሁን ወደሚከብደው ልግባ። ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ስለ ራሳችን ትውልድ ነው የምናገረው። አዋጁ የስድስት ወር ሥልጠናና የሁለት ዓመት አገልግሎት ይል ነበር። ሁለት ዓመቱ ሞልቶ መልቀቂያ ጠብቆ የቀረው ስንት ነው? ዕድሜ 18 ይል ነበር፤ ጢም ያላበቀለ ልጅ ከገበያ ታፍሶ ሲጫን ግን ሁላችንም ቆመን አይተናል። ኮታ ከላይ ሲወርድ ስሙን የጻፈው እጅ ከሩቅ አልመጣም። የቀበሌው ጸሐፊ ነው፤ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ነው፤ ጎረቤት ነው። የባለ ጊዜው ልጅ አጎቱ ዘንድ ተልኮ፣ የመበለቷ አንድ ልጅ በምትኩ የተጻፈበት መንደር አለ። ጻፊውም የተጻፈባትም ቤት ዛሬ በአንድ እድር ውስጥ ናቸው። አንዱ የሌላው ቀባሪ ነው።

ይህን የምታውቁ ዝም ብላችሁ እንዳትቀሩ። ለመክሰስ አልልም፤ ጊዜውም አልፏል፣ አስገዳጁም ራሱ ተገዶ ነበር። ነገር ግን «ወንድማችሁ በፈቃዱ ዘመተ» ተብሎ የተነገራቸው ልጆች፣ ታፍሶ እንደሄደ የማወቅ መብት አላቸው። ተቃራኒውም እውነት ነው። በ1969 ሶማሊያ በወረረች ጊዜ ማንም ሳያስገድደው፣ ጥሪውን ሰምቶ፣ ማረሻውን ጥሎ የሄደ ብዙ ነው። እርሱንም «ታፍሶ ነው» ብሎ ማሳነስ ግፍ ነው። ሲሸሽ በገዛ ወገኑ የተመታ አለ፤ እርሱም ልጅ ነው፣ ስሙ ይጻፍ። ከአንድ ማኅፀን ወጥተው አንዱ በሠራዊቱ፣ ሌላው በአማፂው ወገን ተሰልፈው ሁለቱም የቀሩባት እናት አለች። ቤተሰቡ እንደየመንግሥቱ አንዱን ፎቶ ሰቅሎ አንዱን ደብቋል። መንግሥት በተለወጠ ቁጥርም ፎቶው ይለዋወጣል። እናንተ ስትጽፉ ሁለቱን በአንድ ወረቀት ላይ ጻፏቸው፤ ጀግና ማድረግም ከሃዲ ማድረግም የእናንተ ሥራ አይደለም። የጀግና ታሪክ ፈጥራችሁ ብታወርሱ ልጃችሁ አንድ ቀን እውነቱን ሲያገኝ የነገራችሁትን ሁሉ ይጥለዋል።

ስለ ሚስትና ስለ ርስትም አንድ ነገር ልበል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 154 አንድ ሰው ጠፍቶ ሁለት ዓመት ወሬው ካልተሰማ ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው ፍርድ ቤት ቀርቦ የመጥፋት ውሳኔ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። ውሳኔው ከጸና ጋብቻው ይፈርሳል፣ ንብረቱም ለወራሽ ይሄዳል። ሕጉ የተሠራው ኑሮ እንዲቀጥል ነው። እኛ ግን በሁለት በኩል አበላሸነው። በአንድ ወገን፣ ፍርድ ቤት ሄዳ ነፃ የወጣችውን ወይም ሳትሄድ ዓመታት ጠብቃ ያገባችውን ሴት «ባሏን በቁሙ ቀበረችው» ብለን ስም አወጣንባት። እርሷም ከዚያ ቤት ስትወጣ ደብዳቤዎቹንና ትዝታውን ይዛ ወጣች፤ ዛሬ ስለ ሰውየው ከሁላችን የበለጠ የምታውቀው እርሷ ሆና ሳለ የሚጠይቃት የለም። ሂዱና ጠይቋት፤ አስቀድማችሁ ግን ይቅርታ ጠይቋት። በሌላ ወገን፣ ውሳኔውን በስውር አውጥቶ ቤቱንና መሬቱን ለራሱ ያደረገ ወንድም አለ። እንዲህ ያለው ሰው የጠፋው ሰው ነገር እንዲነሣ አይፈልግም፤ የሚያጣው አለና። ወረቀቱን ከመደበቁ በፊት የጠፋው ሰው ልጆች ይዩት።

ሐዘናችንም ሥርዓት ይፈልጋል። ብዙ ቤት ለቅሶ ሳይቀመጥ፣ አርባም ተዝካርም ሳያወጣ ቀርቷል፤ «ሳይሞት ሞተ እንዳንለው» እየተባለ። ክርስቲያን ብትሆኑ በቤተ ክርስቲያን የሚጠራው በስመ ክርስትናው ነው፤ የወታደር መዝገብ ደግሞ ስመ ክርስትና አያውቅም። የክርስትና አባቱ ከሞቱ፣ እናቱ ከሞተች፣ ይህን ስም የምታውቁት ምናልባት እናንተ ብቻ ናችሁ። ለልጆቻችሁ ስጡት፤ ፍትሐት ማስደረግ ቢፈልጉ በየትኛው ስም ይጥሩት? ሙስሊም ብትሆኑ አስከሬን በሌለበት የሚሰገደው ሰላተል ጋኢብ አለ፤ ለመስገድ ግን መሞቱን ማወቅ ይቀድማል። ሁለቱም ሃይማኖት እውነትን ይጠይቃል።

የመጨረሻው ማስጠንቀቂያዬ ስለ ቂም ነው። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜን በተካሄደው ጦርነት የልጅ ልጆቻችን እዚያው አያቶቻቸው በወደቁበት ምድር ወደቁ። በጥቅምት 2016 በትግራይ ሐዘን ታውጆ ለብዙ ቤት በአንድ ጊዜ መርዶ ተነገረ። ከግንባሩ ወዲህና ወዲያ ማዶ ዛሬም ስልክ የሚጠብቅ እናት አለች፤ በአማራም በአፋርም በኦሮሚያም በደቡብም። እኛ ያለፍንበት መንገድ እንደ አዲስ ተጀምሯል። ልጁ ቤት ውስጥ «አያትህን የገደሉት እነርሱ ናቸው» እየተባለ ካደገ፣ ነጋሪት ሲጎሰም ማንን እንደሚጠላ አስቀድሞ ያውቃል። የት፣ መቼ፣ እንዴት፣ በማን ትእዛዝ እንደሞተ የሰማ ልጅ ግን ጥያቄው ወደ አዛዦች ይሄዳል፣ ወደ ጎረቤቱ አይሄድም። የእናንተ ዝምታ ክፍት የተወውን ቦታ ሌላ ሰው በፈለገው ታሪክ ይሞላዋል፤ የሚሞላውም ሲፈልግ ብቻ ነው፤ ብዙ ጊዜም ለሚቀጥለው ዘመቻ ሰው ሲፈልግ።

ለዛሬ የጠፉትም ካለፈው እንማር። አሁን የልጁን ክፍል የሚያውቅ ጓድ በሕይወት አለ፤ ስልኩ ላይ የላከው ፎቶ አለ፤ የደወለበት ቀን ተመዝግቧል። ወላጆች ይህን ከስልክ ላይ አውጥተው ወረቀት ላይ ያስፍሩ፤ ስልክ ይሰበራል፣ ይሰረቃል። ሠላሳና አርባ ዓመት ጠብቀን የደረስንበትን ችግር አይድገሙት።

አሁን የምጠይቃችሁ ይህን ነው። በየእድራችሁ በሚቀጥለው ስብሰባ መዋጮ ከተሰበሰበ በኋላ አንድ ደብተር ይከፈት፤ ጽሕፈቱ የሚያምር ልጅ ይመደብ። የሰፈሩ የጠፉ ሰዎች በየተራ ይጠሩ፤ የሚያውቅ ይናገር፣ የተሳሳተውን ሌላው ያርመው፣ ያልተስማማበት «እንዲህም ይባላል» ተብሎ ይጻፍ። ደብተሩ በሁለት ይገልበጥ፤ አንዱ እድሩ ዘንድ፣ አንዱ ከሰፈሩ ውጭ ይቀመጥ። በዘመኑ ኮታ ያስፈጸማችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ ከእናንተ በፊት ሌላው አይደፍርምና። ኃጢአቱ የቱንም ያህል ቢሆን ሲነገር ይቀላል።

አይ፣ ነገር አልቀሰቅስም፣ ይዤው እሞታለሁ የምትሉ ካላችሁ፣ በቀብራችሁ ቀን የሚሆነውን አስቡት። የሕይወት ታሪካችሁ ይነበባል፤ ሰው አክባሪ፣ ምስጢር ጠባቂ፣ ለጎረቤት ደራሽ ነበሩ ይባላል። የዚያ የጠፋ ልጅ እህትም ከቀባሪዎቹ መካከል ቆማ ይህን ትሰማለች። የወንድሟን ነገር ማወቃችሁን ታውቃለች፤ ከዚያ በኋላ የምትጠይቀው እንደሌላትም ታውቃለች።